መጀመሪያ ራሳችን፣ ቀጥሎ ማሽኑ፦ የቼስ ሶፍትዌር እንዴት ያስተምራል?

(በአምቦ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)

  በዚህ ዝናብ ስለ ቼስ ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና ከልብ አመሰግናለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የቼስ ሊቅ አይደለሁም። ሒሳብና የኮምፒውተር ስሌት የማስተምር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የጎደለውን ወታደር በአምቦ ውኃ ቆርኪ እየተካሁ የምጫወት መካከለኛ ተጫዋች ነኝ። ስለዚህ የማቀርብላችሁ የሻምፒዮን ምሥጢር አይደለም። ማሽኑ በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ በሙያዬ ስለማውቅና በአጠቃቀሙም ራሴ ተሳስቼ ሌላ ሰው ስላሳሳትሁ፣ ከዚያ ስሕተት የተማርሁትን ላካፍላችሁ ነው የቆምሁት።

ለዚህ ገለጻ መነሻ የሆነኝ አንድ ተማሪ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። «መምህር፣ ስልኬ ውስጥ ከዓለም ሻምፒዮን የሚበልጥ አስተማሪ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጄ አልተለየም። ታዲያ ለምን አልተሻሻልሁም?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሳስበው ግን ከቼስ አልፎ የትምህርትን ሥራ በጠቅላላው የሚነካ ሆኖ አገኘሁት። ትክክለኛ መልስ ሁልጊዜ በእጁ ያለ ሰው እንዴት ሳይማር ይቀራል? ዛሬ የማስረዳው ይህንኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ከማሽኑ በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ቶሎ የሚታወሰን በረድፍና በዓምድ የተደረደረ ቁጥር ነው። ነገር ግን ሰንጠረዥ የጥንቱ የሀገራችን የቼስ ስም ነው። ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ ምድር «ሻትራንጅ» ተብሎ ሲስፋፋ እኛም ዘንድ ደርሶ የራሱን ጠባይ ያዘ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ለዚህ ጨዋታ የነበራቸውን ፍቅር አይቶ ጽፏል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል።

ከሰንጠረዥ ደንቦች መካከል ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅሙ ሁለት አሉ። የመጀመሪያው ወረራ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ሁለተኛው የአሸናፊነት ክብር ነው። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም ነበር። በኃይለኛው ጠጠር ማት ማድረግ እንደ ተራ ነገር ሲታይ፣ በደካማው ጠጠር፣ ይልቁንም በወታደር፣ ማት ያደረገ ሰው ይመሰገን ነበር። አባቶቻችን «ማን አሸነፈ?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት አሸነፈ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንሂድ። ቼስ የሚጫወት ሶፍትዌር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይፈልጋል፣ ይገምታል።

ፍለጋውን በቁጥር ላሳያችሁ። በጨዋታው መጀመሪያ ነጭ 20 ዓይነት እርምጃ አለው። ጥቁርም በ20 ዓይነት መልስ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንደተጫወቱ 400 የተለያዩ መንገዶች ተከፍተዋል። ነጭ ሁለተኛ ሲጫወት 8,902 ይሆናሉ፤ ጥቁር ሁለተኛ ሲመልስ 197,281 ይደርሳሉ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ስሌት ወደፊት ገፍቶ፣ ሊኖሩ የሚችሉት ጨዋታዎች ብዛት 1 ተጽፎ 120 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ያህል መሆኑን ገመተ። ይህን ሁሉ ቆጥሮ የሚጨርስ ማሽን የለም፤ አይኖርምም። ስለዚህ ማሽኑ የማይረቡትን ቅርንጫፎች እየቆረጠ፣ የሚረቡትን እየተከተለ የተወሰነ ጥልቀት ድረስ ይወርዳል። በማያ ገጹ ላይ «ጥልቀት 20» ወይም «ጥልቀት 30» የሚል ስታዩ የሚነግራችሁ ይህንን ነው።

ሁለተኛው ሥራ ግምት ነው። ማሽኑ ከወረደበት ጥልቀት ላይ ሲቆም ያለውን አሰላለፍ አይቶ ቁጥር ይሰጠዋል። በቀድሞው ዘመን ይህን ቁጥር የሚያወጡት ሰዎች የጻፏቸው ደንቦች ነበሩ። ወታደር ይህን ያህል፣ ፈረስ ይህን ያህል፣ የተጋለጠ ንጉሥ ይህን ያህል ቅናሽ እየተባለ ይደመር ነበር። በ1997 ኒው ዮርክ ላይ ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 ያሸነፈው የአይ.ቢ.ኤም. ዲፕ ብሉ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን አሰላለፍ የሚመረምር ግዙፍ መሣሪያ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ የጫናችሁት ስቶክፊሽ ደግሞ በ2008 የወጣ፣ ማንም በነጻ ሊወስደውና ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም ነው። ከ2020 ወዲህ ግምቱን የሚሠራለት በብዙ ሚሊዮን አሰላለፎች ላይ የሠለጠነ ትንሽ የነርቭ መረብ ሲሆን፣ ሐሳቡ መጀመሪያ የተፈለሰፈው ሾጊ ለተባለው የጃፓን ቼስ ነበር። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ማሽን ካስፓሮቭን ካሸነፈው ይበረታል።

እንግዲህ የተማሪው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ይህን የሚያህል ኃይል በኪሱ ይዞ ለምን አልተሻሻለም?

የመጀመሪያው ምክንያት ቁጥሩን በትክክል አለማንበብ ነው። ማሽኑ «ሲደመር 1» ሲል ብዙዎቻችን «ነጭ በአንድ ወታደር ይበልጣል» ብለን እንረዳለን። በድሮው ልማድ ትርጉሙ ይኸው ነበር። ስቶክፊሽ ግን ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ቁጥሩን የሚያስተካክለው በሌላ መለኪያ ነው። «ሲደመር 1» ማለት ማሽኑ ከራሱ ጋር ቢጫወት ከዚህ አሰላለፍ ነጭ የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ነው። አስተውሉ! ማሽኑ ከማሽን ጋር ሲጫወት ነው። በጉደር ከተማ ሁለት መምህራን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲጫወቱ ምን እንደሚሆን ቁጥሩ አይናገርም። ማሽኑ ድካምን፣ ድንጋጤን፣ ሰዓት ማለቅን አያውቅም። «ለመከላከል አስቸጋሪ» የሚባል ነገርም በቁጥሩ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ መሠረታዊ ነው። ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ግሩት በ1946 ባሳተመው ጥናት የዘመኑን ታላላቅ ተጫዋቾች አሰላለፍ እያሳየ፣ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረጋቸው። ሊቃውንቱ ከሌሎቹ እጅግ ብዙ እርምጃ ይቆጥራሉ ብሎ ለሚጠብቅ ውጤቱ አስገራሚ ነበር። ዋናው ልዩነት የቆጠራ ብዛት ሳይሆን፣ ጥሩው እርምጃ ገና ከመጀመሪያው ዓይናቸው ውስጥ መግባቱ ነበር። በ1973 ደግሞ ዊልያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለ5 ሴኮንድ ብቻ አሳይተው መልሰው እንዲደረድሩት ጠየቁ። ጀማሪው 4 ያህል ጠጠር ሲያስታውስ ሊቁ ወደ 16 ያህል አስታወሰ። ጠጠሮቹ እንዲሁ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን የሊቁ ብልጫ ሊጠፋ ደረሰ። ሊቅን ሊቅ የሚያደርገው ከሌላው የበረታ ጭንቅላት መያዙ አይደለም፤ ብዙ ትርጉም ያላቸውን ቅርጾች በራሱ ድካም ማጠራቀሙ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ማሽኑና እኛ የምንጫወተው በተለያየ መንገድ መሆኑን ነው። እርሱ በሚሊዮን የሚቆጠር አሰላለፍ ፈትሾ ይደርሳል፤ እኛ ቅርጽ አይተን፣ ምክንያት ሰጥተን እንደርሳለን። መልሱን ስናይ የምናገኘው እርሱ የደረሰበትን ቦታ ብቻ እንጂ መንገዱን አይደለም። መንገዱን ቢያሳየንም አንሄድበትም። የራሳችንን መንገድ ራሳችን ካልቆፈርነው በቀር የሚቆፍርልን የለም።

ታዲያ ማሽን ሰውን አያስተምርም ማለት ነውን? ያስተምራል እንጂ! በ1970ዎቹ መጨረሻ የሆነ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ኬን ቶምፕሰን የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ ንግሥት ያለው ንጉሥ ሩክ ካለው ንጉሥ ጋር ሲጋጠም የሚፈጠረውን አሰላለፍ ሁሉ ከፍጻሜው ወደ ኋላ እየቆጠረ ለማሽኑ አስጨርሶት ነበር። መጻሕፍት ሁሉ ንግሥት ያለው በቀላሉ ያሸንፋል ይሉ ነበር። የአሜሪካ ሻምፒዮን የነበረው ዋልተር ብራውን ንግሥቲቱን ይዞ ከማሽኑ ጋር ተቀመጠ። ማሽኑ ሩኩን ከንጉሡ አርቆ፣ ሰው በማይለምደው መንገድ ተከላከለ፤ ብራውንም በተፈቀደው 50 እርምጃ ውስጥ ማሸነፍ አቃተው። ሰውዬው ተበሳጭቶ አልቀረም። ሄደ፣ አጠና፣ የማሽኑን መከላከያ ምክንያት መረመረ። ተመልሶም ከሌላ አሰላለፍ ተጀምሮ ሲጫወቱ ልክ በ50ኛው እርምጃ አሸነፈ።

ብራውን ከማሽኑ የተማረው መጀመሪያ ራሱ ሞክሮ ስለተሸነፈ ነው። ጥያቄው በእጁ ነበረ። መልሱ የገባው ባዶ ቦታ ላይ ሳይሆን ሽንፈቱ ባዘጋጀለት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከዚህ ወዲህ የምናገረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

አሁን ያልሁትን ስሕተት ልናገር። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከጊንጪ በኩል የመጣ፣ ዝምተኛ ግን በሰሌዳ ላይ ደፋር የሆነ አንድ ተማሪ ነበረን። አንድ ቀን ያሸነፈውን ጨዋታ በደብተሩ መዝግቦ ደስ ብሎት አመጣልኝ። በተቀናቃኙ ንጉሥ ፊት ያለውን ወታደር በቢሾፑ በላ፤ ንጉሡ ቢሾፑን ሲበላ በፈረሱ ቼክ አለ፤ ንጉሡ ወደ ቤቱ ሲመለስ ንግሥቲቱን አመጣና በጥቂት እርምጃ ማት አደረገ። ቢሾፕን በአንድ ወታደር ለውጦ ማሸነፍ ያማረ ነገር ነው። እኔ ግን ስልኬን አወጣሁ። እርምጃዎቹን አስገባሁ። ማሽኑ ቢሾፑ በተሠዋበት እርምጃ ላይ ሁለት የጥያቄ ምልክት አደረገ። «አየህ? ከባድ ስሕተት ነው ይላል። ያሸነፍኸው በዕድል ነው» አልሁት። ደብተሩን አጥፎ፣ «እሺ መምህር» ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ልጁ ተለወጠ። አንድ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ተቀናቃኙ ከወንበሩ ሳይነሣ ስልኩን ያወጣል። ጠጠር መሠዋት ተወ። ማሽኑ ምን ይል ይሆን እያለ በሰሌዳው ፊት ይፈራል። መሸነፍ አበዛ፤ ጥቂት ቆይቶም መምጣቱን ተወ። የክፍል ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ወራት ካለፉ በኋላ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት፣ ያንን ጨዋታ በሻማ ብርሃን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ደረደርሁት። ስልኬን አልነካሁም። ለምን ስሕተት እንደሆነ ራሴ ለማግኘት ፈለግሁ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ምሥጢሩ ይህ ነበር፦ ፈረሱ ቼክ ሲል ንጉሡ ወደ ኋላ ቢሸሽ ይሞታል፤ ወደ ጎን ቢሄድ ከሩቅ ያለው ሌላው ቢሾፕ ያገኘዋል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ውጊያው መካከል አንድ ቤት ቢወጣ ግን ይተርፋል። ለሰው ዓይን እብደት የሚመስለው እርምጃ እውነተኛው መከላከያ ነበር።

በማግሥቱ ልጁን አስጠራሁት። ሰሌዳውን ዘርግቼ፣ ያን ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ጠየቅሁት፤ «ቢሾፑን ስትሠዋ ምን አይተህ ነበር?» አልሁት። ሳያመነታ መለሰ። «ወደ ኋላ ቢሄድ በንግሥቲቱ ማት ነው። ወደ ጎን ቢሄድ ቢሾፑ አለ። ወደ ፊት ደግሞ… ንጉሥ ወደ ጦር ሜዳ አይወጣም ብዬ ተውሁት» አለኝ።

ከሦስቱ ሁለቱን በትክክል አስልቶ ነበር። ጉድለቱ አንዲት ናት፤ «አይሆንም» ብሎ ሳያሰላ የተዋት። ትምህርቱ ያለው እዚያች ላይ ነው። ማሽኑ የሰጠኝ ሁለት የጥያቄ ምልክት ያንን ሊነግረው አይችልም ነበር፤ ልጁ ምን እንዳሰበ አያውቅምና። ሊያውቅ የሚችለው አስተማሪው ነበር፤ አስተማሪው ግን አልጠየቀም። እኔ የፈረድሁት በሦስቱም ላይ ነው፤ ድፍረቱንና ትክክለኛ ስሌቱን ከስሕተቱ ጋር አብሬ ጣልሁበት። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ዛሬ ይህን በእናንተ ፊት የምናገረውም በእርሱ ፈቃድ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በመነሣት ዛሬ የምሠራበትን ሥርዐት በአምስት ደረጃ ላቅርብላችሁ።

አንደኛ፣ ከሰው ጋር ተጫወቱና መዝግቡ። ለእያንዳንዳችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያለው ጨዋታ ይሁን። በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ጨዋታ ለመዝናኛ መልካም ነው፤ ለመማሪያ ግን የሚመረመር ሐሳብ አይተውም። ያላሰባችሁትን ምንም ማሽን ሊያርመው አይችልም።

ሁለተኛ፣ ማሽኑን ሳትከፍቱ ጨዋታውን ራሳችሁ ገምግሙ። ሦስት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ የፈራችሁበት፣ ብዙ ያሰባችሁበት፣ ጨዋታው ተለወጠ ብላችሁ የምታምኑበት። በእያንዳንዱ አጠገብ ያኔ ያሰባችሁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ በምታስቡበት ቋንቋ ይሁን። ከተቻለ ይህን ከተቀናቃኛችሁ ጋር አድርጉት። እርሱ ያየውን እናንተ አላያችሁም፤ እናንተ የፈራችሁትን እርሱ አላሰበውም። ይህ ውይይት ማሽን የማይሰጠው ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፣ አሁን ማሽኑን ክፈቱ፤ ነገር ግን የሚመክረውን እርምጃ ሸፍኑት። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ቁጥሩን ብቻ አሳይተው የእርምጃዎቹን መስመር እንዲደብቁ ማድረግ ይቻላል። ቁጥሩ በድንገት የተለወጠበትን ቦታ ፈልጉና የተሻለውን እርምጃ ራሳችሁ ለማግኘት አምስት ደቂቃ ስጡት። ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ በ2010 የመሠረተው ሊቼስ የተባለው ነጻ አገልግሎት ለዚህ የተዘጋጀ ክፍል አለው፤ ስሕተታችሁን ያሳያል፣ መልሱን ግን መጀመሪያ ከእናንተ ይጠብቃል። እናንተ ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታና ማሽኑ ምልክት ያደረገበት ቦታ የማይገናኙ ከሆነ ደግሞ ታላቅ ነገር አወቃችሁ። አደጋውን ያላያችሁበትን ስፍራ አገኛችሁ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ከማሽኑ ጋር ተከራከሩ። «ይህ ይሻላል» ሲላችሁ «እሺ» ብላችሁ አትለፉ። እናንተ የፈለጋችሁትን እርምጃ አስገቡና እንዴት እንደሚያፈርሰው እዩ። ከዚያም በሌላው፣ ከዚያም በሦስተኛው ሞክሩ። ማሽኑ አንደበት የለውም፤ «ለምን?» ስትሉት የሚመልሰው በእርምጃ ነው። እርምጃውን ወደ ቃል የምትተረጕሙት እናንተ ናችሁ። ያ ተማሪ በመጨረሻ ደብተሩ ላይ የጻፋት ዐረፍተ ነገር፣ «አይሆንም ያልሁትን እርምጃ ከሁሉ አስቀድሜ ላስላ» የምትል ነበረች። አንድ ጨዋታ እንዲህ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር ከሰጣችሁ በቂ ነው።

አምስተኛ፣ መልሳችሁ ተፈተኑ። የተሳሳታችሁበትን አሰላለፍ በትንሽ ካርድ ላይ ሣሉና ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከወር በኋላ ፍቱት። ቅርጾች የሚጠራቀሙት በመደጋገም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአንድ ሌሊት መቶ እንቆቅልሽ የፈታ ሰው በማግሥቱ እምብዛም አያስታውስም።

ማሽኑ ያለ ገደብ ጥሩ ተቀናቃኝ የሚሆንበት አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም የፍጻሜ ልምምድ ነው። አንድ ንጉሥና ሩክ ከብቸኛ ንጉሥ ጋር፣ ወይም አንድ ንጉሥና ወታደር ከብቸኛ ንጉሥ ጋር ደርድሩና በሙሉ ኃይሉ እንዲከላከል አድርጉት። ጠጠሮቹ በጠቅላላው 7 ወይም ከዚያ በታች በሆኑበት አሰላለፍ ሁሉ ኮምፒውተሮች የመጨረሻውን እውነት ቆጥረው ጨርሰውታል። እዚህ ግምት የለም፤ ወይ ያሸንፋል ወይ አያሸንፍም። ለማሸነፍ የሚቻለውን አሰላለፍ ማሸነፍ ካቃታችሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ብራውን የሄደበት መንገድ ይህ ነው።

በአንጻሩ ሙሉ ጨዋታ ከማሽኑ ጋር ብቻ መጫወትን አልመክርም። በሙሉ ኃይሉ ሲሆን ሁልጊዜ ትሸነፋላችሁ፤ ሽንፈታችሁም ምክንያቱ አይታያችሁም። ደረጃው ዝቅ ሲደረግለት ደግሞ እንደ ሰው አይደክምም። ዐሥር ጊዜ እንደ ሊቅ ይጫወትና በዐሥራ አንደኛው ንግሥቱን በነጻ ይሰጣል። ሰው እንዲህ አይሳሳትም። የሰው ስሕተት ከስስት፣ ከፍርሃት፣ ከችኮላ የሚወለድ ነውና ምክንያት አለው፤ ያንን ማንበብ የሚለመደው ከሰው ጋር ነው።

ከጌዶና ከባኮ መስመር የመጣችሁ መምህራን በዕረፍት ሰዓት፣ «እኛ ጋ ኔትወርክ የለም፣ መብራትም ይጠፋል፤ ይህ ለከተማ ሰው ነው» ስትሉኝ ነበር። አይደለም። ስቶክፊሽን የያዘ መተግበሪያ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስልኩን የሚያሞቀውና ባትሪውን የሚጨርሰው ማሽኑ ያለ ዕረፍት ሲቆጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ጥቂት ሴኮንድ ብትሰጡት ለእኛ ደረጃ ከበቂ በላይ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት ክበብ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰሌዳ፣ ለየተማሪው ደብተር፣ ለሁሉም አንድ ስልክ ነው። እንዲያውም አንድ ስልክ ብቻ መኖሩ ጥቅም አለው። ስልኩ በመምህሩ ኪስ ይቆይ፤ የሚወጣውም ልጆቹ ተከራክረው ከጨረሱ በኋላ እንደ ዳኛ ይሁን። አንድ ሰዓት ቢኖራችሁ ሃያውን ደቂቃ ለእንቆቅልሽ፣ ሠላሳውን ጨዋታን በራስ ለመመርመር፣ የመጨረሻውን ዐሥር ለማሽኑ ስጡ። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጨዋታ በመካሄድ ላይ ሳለ ማሽኑን መጠየቅ ማጭበርበር ነው። የተጋጣሚን ጊዜና እምነት መስረቅም ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ግን ሰራቂውን ነው፤ ከጨዋታው ሊያገኝ የሚችለውን ብቸኛ ነገር፣ የራሱን ስሕተት፣ ያጣዋልና።

አሁን ወደ ሰንጠረዥ ልመለስ። «እንዴት አሸነፈ?» የሚለውን ጥያቄ ያዙልኝ ብዬ ነበር። ማሽኑ ይህን ጥያቄ አያውቅም። በንግሥት የተገኘ ማትም፣ በወታደር የተገኘ ማትም ለእርሱ አንድ ናቸው። የጥንቶቹ ተጫዋቾች ግን በደካማ ጠጠር ያሸነፈውን ሲያመሰግኑ የሚያመሰግኑት በአሸናፊው ውስጥ ያለውን አሳብ ነበር። እኛም መምህራን የተማሪን ሥራ ስንመለከት፣ መልሱ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት ብለን ከመፍረዳችን በፊት «ምን አይተህ ነበር?»፣ «ምን አይተሽ ነበር?» ብለን ብንጠይቅ የተሻለ እናስተምራለን። ይህ በቼስ ብቻ አይደለም፤ በሒሳብ ፈተናም፣ ተማሪዎቻችን ዛሬ በማሽን እያስጻፉ በሚያመጡልን የቤት ሥራም እንዲሁ ነው።

ያ ተማሪ ተመርቆ ዛሬ በምዕራብ ሸዋ በአንዲት ከተማ ያስተምራል። ባለፈው ደውሎልኝ፣ «መምህር፣ ልጆቼ ስልኬን አምጣ እያሉ አስቸገሩኝ። መጀመሪያ ምን እንዳያችሁ ንገሩኝ እላቸዋለሁ» አለኝ። አሁንም ጠጠር ይሠዋ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳቀና፣ «ንጉሡ ወደ ፊት እንደማይወጣ ካሰላሁ በኋላ» አለኝ።

  ሰሌዳዎቹ በኋላ በኩል ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ተዘርግተዋል፤ ጥያቄ ያላችሁ እየተጫወትን ጠይቁኝ። ስልኮቻችሁን ግን እባካችሁ በኪሳችሁ አቆዩልኝ።